ኔሊዳ እጇን የፈራች ጊዜ

ኔሊዳ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። ከሊማ ከተማ በላይ፣ ጉም በማይለየው ኮረብታችን ላይ፣ ቤቷ ከኔ ቤት ትንሽ ከፍ ይላል። ድሮ የውሃው መኪና ሲመጣ ሾፌሩን በነገር እየጠቀጠቀች ሰልፈኛውን የምታስቀው እሷ ነበረች። አሁን ባልዲዋ ባዶውን ይውላል። ሕፃኗን ታጠባታለች፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ባሏ ማዕድን ቁፋሮ ሄዶ ለወራት አይመጣም። አማቷ ፎርቱናታ ድንጋጤ ነው ብላ፣ እንደ አገራችን ልማድ እንዲወጣላት ገላዋን በእንቁላል አሸችላት። አልሻል ሲላት፣ እኛ በወለድን በማግስቱ ድንች እንቆፍር ነበር እያለች ትነዘንዛት ጀመር። እኔ አራሶችን ቤት ለቤት እንድጠይቅ ጤና ጣቢያው ያሠለጠነኝ ነኝ። በሄድኩ ቁጥር ደህና ነኝ ትለኛለች፤ አባባሏ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የሕፃኗ ለቅሶ አልቆም ሲል ወደ ቤቷ ወጣሁ። ኔሊዳ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። በሩ ተቆልፏል፤ ልጅቷ ውስጥ ናት። ቁልፉን ስላት ከቤቷ ሥር ወዳለው ገደል አመለከተችኝ፤ ወርውራው ኖሯል።

«ምን ሆነሽ ነው ኔሊዳ?»

«እትዬ፣ እጄን ፈራሁት» አለች። «ይዣት እዚህ ስቆም፣ ጣያት ጣያት የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እንዳልነካት ብዬ ቆለፍኩባት።»

ይኼኔ ለቅሶው ቀጥ አለ። ጮኼ ፎርቱናታን ጠራኋት፤ ዶማ ይዛ መጣች፤ የጣውላውን ግድግዳ ፈልቅቀን ገባን። ልጅቷ ጣቷን እየጠባች ጣሪያውን ታያለች።

አሁን ትሰድባታለች ብዬ ስሰጋ፣ ፎርቱናታ ሕፃኗን እንዳቀፈች ምራቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔም የበኩር ልጄን ወልጄ፣ እሱን ይዤ ወንዝ መውረድ እፈራ ነበር» አለቻት ቀስ ብላ። «ለእናቴም አልነገርኩ።»

«አብጄ ነው እንዴ?» አለች ኔሊዳ።

«በሽታ ነው እንጂ እብደት አይደለም» አልኳት። «ይታከማል።»

ወዲያው ተያይዘን ጤና ጣቢያ ወረድን። ሐኪሟ መድኃኒት ጀመረችላት፤ ብቻዋን እንዳትተዋትም አማቷን አደራ አለቻት። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እናቶች በሰፈራችን የጋራ ወጥ ቤት ተሰብስበው ወደሚጨዋወቱበት እወስዳት ጀመር። መጀመሪያ ድንች ትልጣለች እንጂ አትናገርም። በኋላ አንዷ አራስ ስታለቅስ፣ ኔሊዳ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» አለቻት።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ገላዋን አጠበቻት። ፎርቱናታና እኔ ደጅ ቆመን የውሃውን መንቦጫረቅ እናዳምጥ ነበር። ልጅቷ ሳቀች። ፎርቱናታ ክንዴን ጨብጣ አልለቀቀችኝም።