ራይትና ኤክስ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ እዚህ ለንደን በሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ገብቼ ድምፅ ሰጠሁ። አዳራሹ ውስጥ ከሁለት አሮጊት አስመራጮችና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በጣውላ በተከለለችው ጠባብ ቦታ ቆሜ በክር የታሰረችውን አጭር እርሳስ ሳነሣ፣ አዲስ የተቀረጸ እንጨት ሽታዋ አፍንጫዬን ነካው። ከፊቴ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከምትመርጡት ሰው ስም አጠገብ ኤክስ አድርጉ ይላል። እጄ ግን ለወደድኩት ሰው ኤክስ ለመስጠት ዛሬም እሺ አይለኝም፤ እርሳሷን እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ ሆሎዌይ ሰፈር፣ ወደ ድሮው ማኅበራችን አዳራሽ ሄደ።

ለንደን የመጣሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዙ ጊዜ ቤት ከዋልኩ በኋላ ነው። አክስቴ አርችዌይ በሚባል ሰፈር ትንሽ ፍላት ቤት ነበራት። ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳች ቀን ትተኛ ስለነበር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በካልሲ እየሄድኩ፣ የድስት ክዳን እንኳ ሳላንኳኳ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አውቶቡሶቹ ዳገቱን ሲወጡ አያለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ እከርምና፣ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰላም ስል ጉሮሮዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ይል ነበር።

ቅዳሜ ሰላም የምለው እትዬ ስንዱን ነው። እትዬ ስንዱ ላውንደሪ ቤት የሚሠሩ፣ እጃቸው በእንፋሎት የተላላጠ፣ ሳቃቸው ቶሎ የሚመጣ ሴትዮ ነበሩ። ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጀርባ፣ እርጥብ ካፖርትና የጋዝ ማሞቂያ የምትሸት ክፍል ነበረች፤ አዳራሹን የሚከራየውን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን ለምነው ለሴቶች ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሹራብ እንሠራለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ የሌለ ሰው እናማለን። እኔን መጀመሪያ ቀን መሐል አስቀምጠው ሁለት እጄ ላይ ክር አጠለቁልኝ። ክር ያጠለቀ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ይህን አውቀው ነው ያደረጉት። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ቅዳሜ ላይ፣ ክሩን እየጠቀለሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብሽ እንዴ?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመርኩ።

ማኅበሩ በየጊዜው እኩሌታውን ኮሚቴ ይለውጥ ነበር። ለአንድ ቦታ ሦስት ሰው ከተጠቆመ፣ ከዋናው ምርጫ በፊት ማጣሪያ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ሰው ይመርጣል፣ ሁለቱ ያልፋሉ፣ አንዱ ይቀራል። በዚያ ዓመት ለአዳራሹ ኃላፊነት እትዬ ስንዱ፣ ጌታሁን የሚባል ተማሪና አንድ ዝምተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ተጠቆሙ። ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፍሏን ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒዩተር ትምህርት ላደርግባት ነው አለ፣ ሹፌሩም ደግፎታል። እንግዲህ እትዬ ስንዱ ከወደቁ ቅዳሜያችን አብሮ ይወድቃል።

እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲደውሉ ከረሙ። መልሱ አንድ ነበር፤ «ማጣሪያ እኮ ነው እትዬ፣ ዋናው ላይ አለሁልዎት።» አንዱ ሺፍት አለበት፣ አንዷ ልጇን ጉንፋን ይዞባታል፣ አንዱ ኳስ ሊያይ ነው። ስልኩን ይዘጉና «ሁሉም ለሠርጉ ነው፤ ለሽምግልናው የሚመጣ የለም» ይሉ ነበር።

ማጣሪያው ቀን ዘነበ። እኛ የቅዳሜ ሴቶች ሰቨን ሲስተርስ ከሚባለው ሰፈር በኩል ተሰባስበን ስንመጣ አውቶቡስ ዘግይቶብን፣ አዳራሹ የገባነው መግለጫው ካለቀ በኋላ ነው። ከፊታችን ባዶ ወንበር በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። አስመራጩ ሳንቀመጥ ወረቀት አደለን። የእትዬ ስንዱን ስም ፈልጌ ራይት አደረግሁላቸው፤ ጅራቷን ረዘም አድርጌ፣ የስድስተኛ ክፍል መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ያደርጉልኝ እንደነበረው። በቀሩት በሁለቱ ስም ላይ፣ ጥርጥር እንዳይኖር፣ ደማቅ ደማቅ ኤክስ አደረግሁ። አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ ዘነበችም እንዲሁ አደረገች፤ ኋላ እንደታየው አብረን የመጣነው ሁሉ እንዲሁ አድርገናል።

ቆጠራው ጮክ ተብሎ እየተነበበ ነበር። አስመራጩ «ጌታሁን ኤክስ፣ ሹፌሩ ኤክስ» እያለ ባነበበ ቁጥር እኛ በክርን እንጎነታተላለን። ዘነበች በጆሮዬ «ተንኮታኮቱ» አለችኝ። መጨረሻ ላይ ጌታሁንና ሹፌሩ አልፈዋል ሲል፣ የሰማነውን ማመን አቃተን።

ዘነበች ተነሥታ «ኤክስ ያደረግንባቸው እኮ ናቸው!» አለች።

«አዎ እህቴ፣ ስለዚህ መርጣችኋቸዋል» አለ አስመራጩ።

«ኤክስ ስህተት ነው። አንተ ትምህርት ቤት አልገባህም?»

«እንደ አገሩ ሕግ በኤክስ ነው ብያለሁ፤ እናንተ አልደረሳችሁም ነበር።»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ጌታሁን ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ እንደገና ይመረጥ አለ። እዚያ ለነበርነው ጥቂት ሰዎች ሌላ ወረቀት ማደል ምንም አልነበረም፤ ሁላችንም ወደ እትዬ ስንዱ ዞርን። እሳቸው የሚያዩት ወንበሮቹን ነበር። ያን ሁሉ ሰው በስሙ ጠርተው፣ እየለመኑ፣ እየቀለዱ ደውለውለት ነበር።

«ተወው ልጄ» አሉት። «እነዚህስ ተሳስተው ነው። ያልመጡት ግን አልተሳሳቱም።» ካፖርታቸውን አንሥተው ወጡ።

በዋናው ምርጫ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ አሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው መጥተው እትዬ ስንዱ የታሉ ብለው የጠየቁም ነበሩ።

ክፍሏ የኮምፒዩተር ሆነች። አንዳንድ ቅዳሜ በዚያ አልፍና በመስታወቱ በኩል የተጎነበሱ ራሶች አያለሁ፤ ብዙ ልጆች ተምረውባታል፣ ሥራም ይዘውባታል ይባላል፣ ደስ ይለኛል። እኔም እንግሊዝኛ ለሥራ የሚበቃኝን ያህል ለመድኩ፤ ሲያዙኝ ይገባኛል፣ ሲያመሰግኑኝ መልስ አላጣም። ነገር ግን ቀልድ ተናግሬ ሰው ያሳቅሁት በዚያች ክፍል ብቻ ነው። ዛሬ ቀልዱ ቢመጣልኝም ለማን እንደምነግረው ስለማላውቅ ውጬው እቀራለሁ።

እትዬ ስንዱን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንዴ ነው፤ ሰቨን ሲስተርስ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ የገዙትን ሙዝ ታቅፈው። ከስተዋል። ጉንጬን ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ፣ ስለ አክስቴ ጠየቁኝ፣ ማኅበሩን ግን አላነሡም። አውቶቡሳቸው ሲመጣ ተጣድፈው ወጡና ከመወጣጫው ላይ ዞር ብለው፣ በቆየ ልማድ፣ «በይ እንግዲህ፣ ለቅዳሜ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፣ ለቅዳሜ» አልኩ።

የት እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ፊታቸውን ቶሎ ወደ ውስጥ መለሱ።