ከጎረቤቴ ቤት ያልበላሁበት ቅዳሜ

ባጃጅ ለቦንጋ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን አንዱ ሾፌር ሦስት ሰው የሚጭንበትን ወንበር እያሳየ፣ «አባባ፣ እርስዎ ከገቡ ሞልቷል፤ እንሂድ» አለኝ። እንደ ክብር ቆጠርኩት። የሾፌሩ ነገር የገባኝ ኋላ ጤና ጣቢያ ነርሷ ሚዛን ላይ አውጥታ፣ የደም ግፊቴን ለክታ፣ «ድግስ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ» ስትለኝ ነው።

እጅ መሰብሰብ ድግስ ለሌለበት አገር ቀላል ነው። እኔ ሳምንቱን በጎመንና በቂጣ በጨዋነት እገፋለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ጨዋነቴ ያልቃል።

የመጀመሪያው ፈተና የጎረቤቴ ልጅ ምርቃት ላይ መጣ። ጎረቤቴ እኩያዬ ነው፤ ማንኪራ ቀበሌ ያለው የቡና መሬታችንም ይዋሰናል። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ድንበር ተጣልተን ሽማግሌ አስታርቆናል። በምርቃቱ ቅዳሜ ክትፎ በቆጮ ቀረበ። «ሆዴን ቆርጦኛል» ብዬ ጎመን ብቻ ቀመስኩ። ጎረቤቴ ራሱ ጠቅልሎ መጣ።

«በሞቴ!»

«አንተም አትሙት፣ እኔም አልችልም» አልኩት።

እጁ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየና አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው አጎረሰው። እኔ በልቤ ራሴን አመሰገንኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ቀበቶዬ የላላ ሁሉ መሰለኝ።

እሑድ ማኅበር ነበር። «አንድ እንጀራ ብቻ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ላይ መቁጠሩን ተውኩት። ጠጁንም አላሳፈርኩትም። ከማኅበርተኞቹ አንዷ የጎረቤቴ ሚስት እህት መሆኗን እያወቅሁ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት።

በእኛ ዘንድ የተቀያየመ ሰው ከተቀያየመው ቤት አይበላም። አለመብላት ራሱ ንግግር ነው። ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ላይ ሰላም ስለው ጎረቤቴ ዝም አለኝ። ማክሰኞም ዝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እንዴት አደርክ»ን እንደ ቡና የጠጣሁት ከእሱ ነበር፤ ረቡዕ ላይ ከክትፎው ይልቅ እሱ ራበኝ። ሐሙስ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ።

«አንተ ሰው፣ ለካ የድንበሩን ነገር አልረሳኸውም» አሉ ትልቁ።

«ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ከሱ ቤት የታመመ ሆድ እሑድ በምን ዳነ?»

እውነቱን እንዳልናገር፣ በእኛ ዕድሜ የከሳ ሰው እንደ ታመመ ይጠየቃል እንጂ፣ ልክሳ ብሎ የተነሳ ሽማግሌ አልታየም።

ጎረቤቴ ቤት ወሰዱኝ። ዘመኑ የግምገማ ነበርና መሥሪያ ቤት በደንብ ሠልጥኛለሁ፤ ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። ነርሷን፣ ሚዛኑን፣ የእሑዱን ሦስት እንጀራ አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። ጎረቤቴ ሳይስቅ ሰማኝ።

«ስንት ኪሎ ነው ያልከው?»

«ዘጠና ስምንት።»

«ለምርቃቱ የታረደው ሰንጋ እንኳ ይህን ያህል አልወጣውም» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?» አለ እሱ።

«አፍሬ ነዋ።»

እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናምና ትሪ ቀረበ። ጎረቤቴ ጠቀለለ። ሽማግሌዎቹ አፌን አፌን ያያሉ። ጉርሻውን ለሁለት ከፈለው፤ አየኝና እንደገና ከፈለው። ባቄላ የምታህለውን አጎረሰኝ። እኔም አጎረስኩት፤ የእኔዋ ግን ለራሴ ስመኛት የሰነበትኩትን ታህል ነበር። ዓይኑ እንባ እስኪያቅር አላመጠ።

ከዚያ ወዲህ በየድግሱ አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ሆነ። አጉራሽ ሲመጣ፣ «እሱ አይችልም፤ የሱን ለእኔ» ብሎ አፉን ይከፍታል። እኔ ክትፎውን በዓይኔ ሸኝቼ ጎመኔን አላምጣለሁ። ዓመት ሳይሞላ ኮቴ ሰፋኝ፤ የእሱ ኮት ግን አልቆለፍ አለ። አልነገርኩትም። ሌላ እርቅ የምችልበት ሆድ የለኝም።