ጥሩንባ ነፊው ስቱዲዮ ገባ

ባለቤቴ እንዳላማው የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነው። ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ሰው ሲሞት ከኮረብታው ቆሞ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ፣ «እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ የሚለፍፈው እሱ ነው። ልንጋባ ስንል እናቴ «ይኸ ሰውዬ ብቅ ባለ ቁጥር ሰው ይደነግጣል፤ አይናዲስ፣ ምን ብለሽ ነው?» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ጨው ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሴቶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ ግን የወደድኩት ፈሪ ስለሆነ ነው። ደፋሮቹንም አይቻቸዋለሁ፣ ለቤት አይሆኑም።

የሚፈራው ምን መሰላችሁ፤ መርዶ። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ሽማግሌዎች ዘመድ ጎረቤት ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ ከሐዘንተኛዋ ደጅ ይደርሳሉ፤ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ይነግሯታል። ጥሩንባ የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። እንዳላማው ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ወጥተው ራሳቸውን ካልነቀነቁለት ጥሩንባውን ከትከሻው አያወርድም። አንዲት እናት የልጇን ሞት ደጋፊ በሌለበት፣ ከሱ አፍ እንዳትሰማ ይፈራል። ዕድሜ ልኩን ሲፈራ የኖረው ይህንን ነው።

በሁለት ሺ አራት ዓመተ ምሕረት ታዲዮስ የሚባል ወጣት የማኅበረሰብ ራዲዮ ላቋቁም ብሎ መጣ። ከየእድሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከገበሬውም ሰው አስመርጦ ኮሚቴ አቆመ። ከእድራችን የተመረጠው የኔው ጉድ ነው። ታዲዮስ «ስቱዲዮው የእናንተ ነው፣ የምትናገሩበትም እናንተ ናችሁ፣ ጭቃውን የምታቦኩትም እናንተ ናችሁ» አላቸው። መጀመሪያ ያዩት ቦታ ወፍጮ ቤቱ ሥር ነበርና ቀረ። ሁለተኛው ደግሞ የአህያ መቆሚያው አጠገብ ሆነና አንዷ አህያ ገና ስብሰባው ላይ አስተያየቷን ሰጠች። በመጨረሻ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘን ያዙ።

ግድግዳውን ድርብ አድርገው በመካከሉ ጭድ ጠቀጠቁበት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንዳይረብሽ ከኮርኒሱ በላይም ጭድ ተጎዘጎዘ። ከውስጥ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ለጠፉ፤ ያልበቃውን እኛ ሴቶች ከየቤታችን ባና፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አምጥተን ሸፈንነው። በሩ ላይ የተሰቀለው የጎረቤቴ የሥራነሽ ባና ነው፤ ከኔው ይልቅ ወፍራም ነው ተብሎ ተመረጠ። አሁንም ድረስ ያናድደኛል። ሥራነሽ ማለት ግን አጥር የሚለየን፣ ሌላ ምንም የማይለየን ሰው ናት። የሷ ታረቀና የኔ ሙሉሰው አንድ ላይ ነው ያደጉት። ታረቀ ደጀን ከተማ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ሙሉሰው ማርቆስ ከተማ ባጃጅ ይነዳል።

ስቱዲዮው ባለቀ ዕለት እንዳላማው ገብቶ በሩን ዘጋና ወዲያው ወጣ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። «ምነው?» አልኩት።

«ስናገር ድምፄ አይመለስልኝም» አለ። «ደግሞ ማን እንደሚሰማኝ አላይም። ኮረብታው ላይ ሆኜ እኮ የሰውን ፊት አያለሁ። እዚህ የማየው የእንቁላል ካርቶን ነው።»

ሳቅሁበት። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። ታዲዮስ የሐዘን ማስታወቂያ የሚባል ፕሮግራም አስቦ ነበር፤ አቅራቢው ደግሞ እንዳላማው እንዲሆን። ኮሚቴው ፊት ቆሞ እየተንቀጠቀጠ «ሽማግሌ ያልነገረው መርዶ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ከወጣ እኔን ከኮሚቴው ሰርዙኝ» አላቸው። ታዲዮስም «ጋሽ እንዳላማው፣ እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለው። ተስማሙ።

የሙከራ ስርጭቱ ሮብ ቀን፣ ገበያው ሲሞላ ሆነ። ታዲዮስ ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ አዘዘ። እንዳላማው እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አላጠፋም። ስልኩን የገዛለት እድሩ ነው፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው፤ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ታዲዮስ ማይክሮፎኑን ከፍቶለት፣ ድምፁ በደንብ ይሰማ እንደሆነ ሊያዳምጥ ወደ ገበያው ሮጠ። ማሽኑን መዝጋት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልቀረም።

እኔ ቤቴ ገብስ እየለቀምኩ ራዲዮኑን ከፍቻለሁ። የባሌ ድምፅ ከሳጥን ውስጥ ሲወጣ መጀመሪያ አሳቀኝ። ስለ እድሩ ስብሰባ ተናገረ፤ ስለ ጠፋች በቅሎም ተናገረ። የበቅሎዋን ቀለም ሊናገር ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሳው።

«ሃሎ» አለ። «ማርቆስ? በባጃጅ?» ድምፁ ተሰበረ። «አሁን ነው ያረፈው?» ቀጥሎም፣ «እናቱ እንዳትሰማ። ሽማግሌዎቹን ይዤ እስክደርስ ማንም ቤቷ ዝር እንዳይል።» ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። ወንበሩ ወደቀ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ከራዲዮኑ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።

ገብሱ ከእጄ ተበተነ። ሙሉሰው ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ማርቆስ ልጅ ያላት እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን እንዳላማው ስንቱን ሰው ቀብሮ አልቅሶ አያውቅም። ምሰሶውን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። መጥተው አጥሩ ዘንድ ቆሙ፤ ማንም አልገባም። ማንም ዝር እንዳይል ተብሏላ። አንዷ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቼ አላውቅም፤ ቆመው ሲያዩኝ ሬሳዬን የከበቡ መሰለኝ።

የገባችው ሥራነሽ ብቻ ናት። «የፈለጉትን ይበሉ፣ አንቺንማ ብቻሽን አልተውሽም» ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ ትወዘውዘኝ ጀመር። «አይኔ፣ አይዞሽ። ምናልባት የሌላ ሰው ይሆናል። ምናልባት...» ትልና ትተወዋለች። «ሙሉሰውን ያጠባሁት እኮ እኔም ነኝ» አለችኝ። «ታረቄ ይህን ሲሰማ ምን ይሆን? ትናንት ደውሎ መኪናችን ተበላሽቶ፣ ዕቃ ከማርቆስ እስኪመጣ ደጀን ቆመናል ብሎኛል። እንግዲህ እኔ ነኝ የምነግረው።» ውኃ አጠጣችኝ። ለሚመጡት ሰዎች ብላ ቤቱን ጠረገች፣ አግዳሚውን ግድግዳው ሥር አስተካከለች፣ ተመልሳ እጄን ያዘችኝ። የእግር ኮቴ ሲሰማ ሁለታችንም አብረን ወደ በሩ ዞርን።

እንዳላማው በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ቄስ ዘማርያምና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ።

«ሙሉሰው?» አልኩት።

«ሙሉሰው ደህና ነው» አለ። «ማርቆስ ሆኖ የደወለልኝ እሱ ነው።»

ሥራነሽ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ግንባሬን ሳመችኝ፤ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፤ ሳቅም ለቅሶም ይዟታል። እኔም እፎይ ልል ነበር። ቀና ስል ግን ባለቤቴ እኔን አይደለም የሚያየው። ቄሱም፣ ሽማግሌዎቹም እኔን አይደለም የሚያዩት። የሥራነሽን እጅ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት።

እሷ በሌላው እጇ አግዳሚውን እያሳየቻቸው፣ «ቁጭ በሉ እንጂ» አለቻቸው። «ታዲያ የማን ልጅ ነው?»