ጎማ የተጠቀጠቀበት ማግኔት

ከጓደኛዬ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ መቅናት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ጸጉሯ ቶሎ ያድጋል። የአሰላ ብርድ ሁላችንንም ሲያንቀጠቅጠን እሷ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ትመጣለች። ዘንድሮ ደግሞ በማግኔት ቀናሁባት።

የፊዚክስ ቲቸራችን ስለ ፊውዥን ማሽን አስተማሩን፤ ውጭ አገር የፀሐይን ዓይነት እሳት ምድር ላይ ለማንደድ የሚሞክሩበት ነው። ያን የጋለ ነገር የሚችለው ዕቃ ስለሌለ በማግኔት አየር ላይ ይይዙታል። ማግኔቱ የመዳብ ጥቅልል ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱም ይግላል፣ ስለዚህ በውሃ ያቀዘቅዙታል። ቲቸር ለሳይንስ ቀን ትንሽ ሞዴሉን እንድንሠራ አዘዙን። በእንግዶች ፊት የሚቀርበው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ መቆም እንዴት እንደፈለግኩ!

ሁለታችንም ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ሽቦ ከቀጭን የፍሪጅ ቱቦ ጋር በየጣውላችን ላይ ጠቀለልን፤ በቱቦው ከጄሪካን ውሃ ይወርዳል። የእኔ ያምር ነበር። ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬ ጣውላው ላይ ከላይ እስከ ታች ማጣበቂያ አፈሰስኩበት፤ ሲደርቅ እንደ ከረሜላ አብረቀረቀ። እሷ ከጎሚስታ የለመነችውን የባጃጅ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቆራርጣ በጥቅልሉና በጣውላው መሀል ጠቅጥቃበት መጣች።

«ይሄ ማግኔት ነው ወይስ የተለጠፈ ጎማ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እሱ ራሱ አስቀናኝ።

የሞከርነው ጠዋት ነው። ጄሪካኑ ውጭ ስላደረ ውሃው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የእኔን ከመኪና ባትሪ ጋር ሳገናኘው ለመሞከሪያ ያስጠጋሁለት ሚስማሮች ተንጠላጠሉበት። ከእሷ የበለጠ ሚስማር ላንሳ ብዬ ስጨምርበት ውሃውን ሳልከፍት ቆየሁ፤ ቲቸር «ጋለ፣ ክፈቺ!» ሲሉኝ ባንዴ ለቀቅኩት። ቷ አለ። ማጣበቂያው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፣ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ተነቀለ፣ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

ቲቸር ባትሪውን እየነቀሉ፣ «መዳብ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። አንቺ መንቀሳቀሻ ነፈግሽው» አሉኝ።

እሷ ውሃውን አስቀድማ ከፈተች። ጥቅልሉ ገፋ ሲል ጎማው ተጨመቀለት፣ ሲመለስ አብሮት ተመለሰ። ምንም አልሆነም። ተመረጠች።

ጠረጴዛው ላይ የሚለጠፈውን ማብራሪያ ግን እኔ እንድጽፍ ተደረገ፤ ዘንድሮ ድርሰቶቼ ክፍል ውስጥ እየተነበቡ ነው። የጎማዋን ጥቅም እኔ ላስረዳላት? ጥርሴን ነክሼ ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር መጣልኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ወረቀቱን ስሰጣት አነበበችው፣ «ቶሌ» ብላ እንደ ኦሮምኛዋ እሺ አለችኝና ለጠፈችው።

በሳይንስ ቀን አንድ አዛውንት ቆም አሉና ይሄ ጎማ ምን ይሠራል ብለው ጠየቋት። እጇን አጣምራ፣ ወረቀቴን ዞር ብላ ሳታይ፣

«አባባ፣ አንዱ ጎኑ ሲግል ሌላው ሲቀዘቅዝ መዳቡ ከራሱ ጋር ይጣላል። ጎማው ሽማግሌ ሆኖ መሀል ይገባል» አለቻቸው።

አዛውንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ተባረኪ አሏት። ከሰው ኋላ ቆሜ በገዛ ዓረፍተ ነገሬ ቀናሁባት። ደግሞም ደስታው ጉንጬን አጋለው። ሌላ እንግዳ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ፣ ደግማ ስትለው እንድሰማ ሰዉን በክርኔ ገፋ ገፋ አድርጌ ተጠጋሁ።