ላቨርን ጥቅምትን ስትጠብቅ

ላቨርን ዶሮሽን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ነው። በከተማችን የሆኪ አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ በምግብ መሸጫዋ መስኮት ፒሮጊ የሚባለውን በድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥና የድንች ጥብስ እየሸጥኩ፣ እሷ የመጫወቻውን በረዶ እየተንከባከበች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ራሷ የነገረችኝ ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጥቅምት የጡት ካንሰር ወር፣ ሮዝም ምልክቱ ስለሆነ በየዓመቱ በዚያ ወር በረዶውን ሮዝ የምትቀባው እሷ ናት። ቀለሙን በበርሜል በጥብጣ ከዳር እስከ ዳር ትረጨዋለች፣ ከላዩ ስስ ውሃ እየደራረበች ታረጋዋለች። በዚያው ሳምንት የጡት ራጅ የሚያነሳው አውቶቡስ መጥቶ ደጃችን ይቆማል፤ የመብራት ገመዱን ከአዳራሹ የምትሰካለትም እሷው ናት። ፖስተሮቹን የምለጥፈው ደግሞ እኔ ነኝ። "ጥቅምት መጣ፣ ተመርመሪ!" ይላሉ። ሮዝ በረዶ ሳይኖር አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመለስ ነበር፤ አሁን ግን ሴቱ ሁሉ እየተጠራራ ይመጣል። ላቨርን ብቻ ገብታ አታውቅም። "እኔ ገመድ ሰካሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ልሁን?" እያለች ታስቀን ነበር።

ዘንድሮ ቀለሙ ሳይደርቅ ከአዳራሹ የማይጠፋው ሽማግሌ ግሌን መጥቶ የበረዶውን አጥር ተደገፈ።

"አንቺ ላቨርን! ይሄ ሮዝ ነው? የታመመ አሳማ አስመሰልሽው እኮ!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን መላጣውን አንስታ ሙልጭ አድርጋ ትሰድበው ነበር። ዘንድሮ ቀና ብላም አላየችውም። ግሌን ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ፤ "ምን ነካት?" አለኝ። እኔም አላወቅሁም።

ከምሳ በኋላ መስኮቴ ጋ መጣች።

"አውቶቡሱ ላይ ቦታ አለ?"

"ለማን?"

"ለእኔ ነዋ። ደግሞ አትጩኺ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አብረሽኝ ግቢ።"

የመጥበሻውን እሳት አጥፍቼ ተከተልኳት።

አውቶቡሱ ውስጥ ብሪን የምትባል ወጣት ባለሙያ ቅጽ ይዛ ተቀበለችን።

"ወይዘሮ ዶሮሽ፣ ጡትዎ ላይ የተለየ ነገር አይተዋል? እብጠት፣ ፈሳሽ፣ የቆዳ መሰብሰብ?"

"እሱን ላሳይሽ ነው የመጣሁት" አለች ላቨርን፣ መዳፏን ግራ ጡቷ ላይ አድርጋ። "እዚህ ጋ። እንደ ጠጠር ነው።"

የብሪን እስክሪብቶ ቆመ። ፊቷን ለመቆጣጠር ስትሞክር አየኋት።

"ይሄ አውቶቡስ ምንም ምልክት ላልታየባቸው ሴቶች ነው" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎን የሚያይዎት ሳስካቱን ከተማ ያለው ሐኪም ቤት ነው፣ በሌላ መሣሪያ። አሁኑኑ እደውላለሁ።"

"እንዴት? አውቶቡሱ እስኪመጣ ጠብቄ እኮ ነው!"

"እብጠት ከተገኘ ጥቅምት አይጠበቅም፣ ወይዘሮ ዶሮሽ። በማንኛውም ወር፣ በነጋታው ነው የሚኬደው። መቼ ነው ያገኙት?"

"ቆየት ብሏል" አለች ላቨርን።

ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበረም። ትምህርቷን በደንብ አጥንታ የወደቀች ተማሪ ነበር የምትመስለው። ያንን ፖስተር ለአሥራ አንድ ዓመት በገዛ እጄ ለጥፌያለሁ፤ ጥቅምት የሚለውን በትልቁ። ሌሎቹን ወሮች የሚያነሳ አንድም መስመር የለበትም፣ እኔም አስቤው አላውቅም።

ብሪን ስልኩን ዘግታ የሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ በወረቀት ሰጠቻት። ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ላቨርን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጃኬቷ ኪስ ከተተችው፤ ዚፑን ለመዝጋት ሦስቴ ሞከረች።

ወጥተን ደረጃው ሥር ቆምን። ነፋሱ ይጋረፋል። በልቤ ወደ ኋላ እቆጥር ነበር፦ መስከረም፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ... ልጠይቃት ፈራሁ፤ ሳልጠይቅ መቅረቱን ደግሞ የባሰ ፈራሁት።

"ላቨርን፣ ሐሙስ እኔ እነዳልሻለሁ" አልኳት።

"እሺ።"

"ቆየት ብሏል ያልሻት... ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጓንቷን አንድ በአንድ አጠለቀች።

"እሱን ተይኝ" አለችኝ።