የጭቃው ታደሰ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ከጭቃ የሠራችውን ወታደር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ ላይ ተሰንጥቆ ሽቦው ይታያል። እንደ ልማዴ ምክንያቱን ላስረዳ ጠመኔ አነሣሁ፤ እጄ ግን ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን እግር ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዳማ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተሰባሰቡ የሣር ቤቶችና ጥቂት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ነበረች። አባቴ የጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሣጥኖቹ ሲፈቱ የሚጣለውን ቀጭን ሽቦ እየለቀምኩ በርዝመቱ ለይቼ አስቀምጥ ነበር። ከጓሯችን በታች፣ ግራሮቹ ሥር፣ ዘነበች የምትባል ሸክላ ሠሪ ከልጇ ከአስካለ ጋር ትኖር ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ እንስራውን የሚገዛው ከዘነበች ነው፤ ቤቷ የሚገባ ግን የለም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እናቴም ምግብ ይዤ በዚያ በኩል እንዳላልፍ ትከለክለኝ ነበር።

እኔ ግን በየቀኑ እሄድ ነበር። አስካለ የተሰበረ ገል ወቅጣ ነፍታ ከራሰው አፈር ጋር ስትለውስ፣ ዝናብ የነካው አቧራ ሽታ ይሸተኛል። ሁለታችንም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነን ነው። ግመል፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ባንዲራ የያዘ የጣቢያ ዘበኛ እንሠራ ነበር። የዘበኛው የተዘረጋ ክንድ ሁልጊዜ እየወደቀ አስቸገረን። መላው ታየኝና በማግስቱ ሽቦዬን ይዤ መጣሁ፤ ለሰው አጥንት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለጭቃም ያስፈልገዋል ብዬ አስረዳኋት። ያኔም ማስረዳት እወድ ነበር።

አስካለ ሳቀችብኝ። «አንቺ የጣቢያ ልጅ፣ ለሰውም ሐዲድ ልትዘረጊለት ነው?» አለችኝ። ቀጥላ ግን የእናቷን ነገር ነገረችኝ። «ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሽቦ አይሰበሰብም። የግድ ካስገባሽ መጀመሪያ ቃጫ ጠምጥሚበት፤ ጭቃው የሚሸሽበት ያገኛል።»

ቃጫ መጠምጠሙ ሰለቸኝና ተውኩት። ብቻዬን፣ ሽቦውን እንዲሁ ባዶውን አስገብቼ፣ ታናሽ ወንድሜን ታደሰን ሠራሁት። አራት ዓመቱ ነበር፤ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እያየ በአንድ እግሩ ሊዘል ሲሞክር ይወድቃል፣ ተነሥቶ እንደገና ይሞክራል። እንደዚያው፣ ቀኝ እግሩን አንሥቶ፣ ከፍየል ጠጉር ቁንጮ ተክዬለት አቆምኩት። በጥላ እንዲደርቅ አልጋ ሥር ደበቅሁት።

በዚያው ሳምንት ታደሰን ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቀው፤ ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አለ። ሊቆም ይሞክራል፣ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይታጠፋል። እናቴ አልጋውን ወደ ብርሃን ልትስብ ስታነሣው ጭቃው ታደሰ ተገኘ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል።

እናቴ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እኔ ዘረጋችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ማነው የሠራው?»

የወንድሜን እግር የሰበርኩት እኔ መሰለኝ። በእርግጥ መሰለኝ።

«አስካለ» አልኩ።

ሌላ ቃል አልጠየቀችኝም። ከሰዓት በኋላ አባቴ ሦስት ጎረቤቶች አስከትሎ ወደ ግራሮቹ ወረደ። እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ እሰማለሁ። ዘነበች አልጮኸችም። «ጌታዬ፣ እኔ የምሠራው ሰው ውኃ የሚቀዳበትን ነው» አለች። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ከሰፈሩ እንድትወጣ ነገሯት።

ሲነጋ አህያቸውን ጭነው በአጥራችን በኩል አለፉ። አስካለ ጥቅሏን እንደተሸከመች አጠገቤ ቆመች። ለምን ዋሸሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ዓይኗን አጥሩ ላይ አድርጋ፣ «ቃጫ ጠምጥሚበት ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። ከዚያ እናቷን ለመድረስ ሮጠች፤ በሞጆ መንገድ ሄዱ። ሳይተኮሱ የቀሩትን እንስራዎች የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ጭቃ አደረጋቸው።

የሕፃናትን እግር የሚያሽመደምድ ትኩሳት እንዳለ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከአንድ ሐኪም ነው። ታደሰ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። እናቴ የዘነበች ስም ሲነሣ አሁንም ታማትባለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።

አሁን በእጅ ሥራ ሰዓት የጭቃ ሰዎች መስኮታችን ላይ ተደርድረው በጥላ ይደርቃሉ፤ አልጋ ሥር የሚደብቃቸው የለም። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ፣ ሽቦ እንደማይሰበሰብ፣ ቃጫው ለምን እንደሚጠመጠም ለክፍሉ አስረዳሁ። ባለ ወታደሯ ልጅ እጇን አነሣች።

«እትዬ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

የአስካለ ስም ውሸት በነበረበት ቀን ሁለቴ ሳልጠየቅ ከአፌ ወጥቶ ነበር። እውነት የሚሆንበት ቀን ይኸው መጣ፤ አርባ ልጆች ይጠብቁኛል።

«ከመጽሐፍ ነው» አልኩና ሰሌዳውን አጠፋሁ።