የአጎቴ መለያ ቃላት

ሽማግሌ ኮምፒውተር አይገባውም የሚባለው ውሸት ነው። መሥሪያ ቤቶች አሠራራቸውን በለወጡበት በቢፒአር ዘመን ከሀዋሳ መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት አጎቴ፣ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ላለ ፎቶ ሁሉ የሚፈለግበትን መለያ ቃል ይጽፉ ነበር። እኔ የተማርኩት የእህታቸው ልጅ ግን ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አጉሬ እረሳለሁ።

አንድ ቀን የሟች እናቴን ፎቶ ጠየቅኳቸው። ስሟን ሲጽፉ ስክሪኑ ሞላ፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ፣ ጉዱማሌ ሜዳ የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼን ስናይ። እሷ ግን አንዱም ላይ የለችም።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል። እማዬ የታለች?»

«ታዲያ ማን ያነሳው መሰለህ፣ ምሁሩ?»

ፎቶዎቹን ደግሜ አየኋቸው። ለካ ሁላችንም የምንስቀው ወደ እሷ ነበር።

አሁን እርሳቸውም አርፈዋል። እርሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች መለየት አቃተኝ፤ የራሳቸውን ስም የትም አልጻፉም። እናንተ ግን ዛሬውኑ ለየፎቶው ያነሳውን ሰው ስም ጻፉ።